የቆሸሸ የዲስክ ጎልፍ ቦርሳ ሳይበላሽ እንዴት ይታጠባል?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። ዛሬ የምጠይቃችሁ ስለ አንድ ቦርሳ ነው። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ጌይተርስበርግ ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። ዲስክ ጎልፍ ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው፤ ያስለመደኝም ልጄ ነው። ለማታውቁት፣ አካሄዱ እንደ ጎልፍ ነው። ግን ዱላና ኳስ የለም፤ የሚወረወረው ዲስክ ነው። ጉድጓድም የለም፤ በምትኩ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ቆሟል። በትንሽ ውርወራ ዲስኩን ቅርጫት ውስጥ ያስገባ ያሸንፋል። ሜዳው አብዛኛውን ጊዜ ጫካ ውስጥ ስለሆነ ጭቃው፣ ቅጠሉና ቁጥቋጦው የጨዋታው አካል ነው።

ቦርሳውን የገዛልኝ ልጄ ነው፣ በመጀመሪያ ደሞዙ። በጀርባ የሚታዘል፣ ጥቁር አረንጓዴ የናይሎን ቦርሳ ነው። ሃያ ዲስክ ይይዛል። አንዱ ዲስክ ከ150 እስከ 180 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ ዲስኩ ብቻ ሦስት ኪሎ ተኩል ይጠጋል፤ ውኃ፣ ፎጣና ጃኬት ሳይቆጠር ማለት ነው። ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ሦስት ዓመት አንድ ስፌት አልተፈታም።

የእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ቅዳሜ ቀን፣ ሴኔካ ክሪክ ስቴት ፓርክ ስንጫወት ዶፍ ዝናብ ያዘን። ቦርሳውን ዳገት ላይ አስቀምጬ ስወረውር ተንሸራቶ ቁልቁል ወረደ፤ ጭቃውን አልፎ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። አውጥቼ ከመኪናው ኋላ አስቀመጥኩት። በማግሥቱ ሥራ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሥራ። ስምንት ቀን ሙሉ ረሳሁት። ስከፍተው ጠረኑ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታ አብቅሏል። ውስጡ የተጨፈለቀ ሙዝ አለ። ዋናው ዚፕ በጭቃ ተይዟል። ማንገቻው ላይ የላብ ጨው መስመር ሠርቷል። ጎኑ ላይ ደግሞ ከየት እንደመጣ የማላውቀው፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ወይን ጠጅ እድፍ አለ።

ማሽን ውስጥ ልክተተው? በረኪና ልጠቀም? ልጄ ለቅዳሜ ቀጥሮኛል፤ ቦርሳውን እንዲህ ሆኖ እንዲያየው አልፈልግም። የሚያውቅ ሰው ቢመክረኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ከዚህ በታች ያለው መልሶቹ ከተጠራቀሙ በኋላ የጻፍኩት ነው። ውይይቱ ስለረዘመ፣ ኋላ ለሚመጣ ሰው እንዲቀል የተባለውን በተራ በራሴ ቃል አስቀምጫለሁ።

መልስ 1። ቀድሞ የመጣው ዳላስ ያለ ወንድም ነው። ብዙ አላስጨነቀውም። ማሽን ውስጥ ከተህ፣ ጥቂት ኦሞ ጨምረህ፣ በቀዝቃዛ ውኃ እጠበው ብሎ አለፈ። የራሱን ሁለት ጊዜ እንዲያ አድርጎ ምንም እንዳልሆነበት ነገረኝ።

መልስ 2። የሲያትሉ ሰው በትሕትና ነው የጀመረው፤ ግን አልተስማማም። እሱ እንዲሁ ተመክሮ ቦርሳውን ገድሏል። የእሱ ማሽን ከላይ የሚከፈት፣ መሐሉ ላይ የሚሽከረከር ምሰሶ ያለው ዓይነት ነው። ማንገቻው ምሰሶው ላይ ተጠምጥሞ ጀርባው ውስጥ ያለውን የፕላስቲክ ሰሌዳ ለሁለት ሰበረው። በዚያ ላይ የውስጡ ሽፋን እንደ ፎረፎር እየተላጠ ዲስኩ ሁሉ ላይ ተለጠፈ። ስለ ሽፋኑ የነገረኝን አላውቅም ነበር። የቦርሳው ናይሎን ብቻውን ውኃ አያቆምም። ውኃ የሚያቆመው ከውስጥ በኩል የተቀባው ስስ ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ኪሱን ገልብጠህ በመብራት እየው ብሎኝ አየሁት። እውነትም ውጩ ደብዛዛ፣ ውስጡ ደግሞ እንደ ላስቲክ የሚያበራ ነው።

መልስ 3። የዳላሱ ተመለሰ። የእሱ ማሽን ከፊት የሚከፈት ነው፤ ምሰሶ የለውም። ልዩነቱ ይሄ ሊሆን እንደሚችል አመነ። ሐሳቡን ግን አልቀየረም። ሰው ነገር ማወሳሰብ ይወዳል አለ።

መልስ 4። የውይይቱ ትልቁ መልስ ይሄ ነው። የጻፈችው ሚኒያፖሊስ ልብስ በመጠገን የምትተዳደር እህታችን ናት። ዲስክ ጎልፍ ተጫውታ አታውቅም፤ ጨርቅ ግን ታውቃለች። ቦርሳው ውስጥ የተሰፋውን ምልክት አንብብ ብላ ጀመረች። የእኔው 1000 ዴኒየር ይላል። ዴኒየር ማለት የክር ክብደት ነው፤ 9,000 ሜትር ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን ይናገራል። ስለዚህ 1000 ዴኒየር ወፍራም ክር ነው፤ ብሩሽ ይችላል። ቦርሳ የሚበላሸው ግን ከጨርቁ በኩል አይደለም፤ ከሽፋኑ፣ ከሙጫውና ውስጡ ካለው ስፖንጅ በኩል ነው። ሦስቱም ሙቀት አይወዱም። ይሄን ያልተረዳ ሰው ጨርቁ ጠንካራ ነው ብሎ ፈልቶ በወጣ ውኃ ያጥበዋል ትላለች።

ከዚያ አሠራሩን ነገረችኝ። መጀመሪያ ጭቃውን አትንካው፤ ይድረቅ። እርጥብ ጭቃ ሲታሽ ክሩ መሐል ይገባና እዚያው ይቀራል። የደረቀ ጭቃ ግን በደረቅ ብሩሽ ይረግፋል። ኪሱን ሁሉ ገልብጠህ አራግፍ፤ ጥጋ ጥጉን በቫኪዩም ምጠጠው። የሚወጣ ሰሌዳ ካለው አውጣው። ሳፋ ላይ ለብ ያለ ውኃ ጨምር፤ የሕፃን ገላ ልታጥብ እንደሆነ በክርንህ ለካው። ለአንድ ባልዲ ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። በለስላሳ ብሩሽ በትንሽ በትንሹ፣ ከላይ ወደ ታች ሂድ። ዘፍዝፈህ አታሳድረው፤ ስፖንጁ ውኃ ጠጥቶ በሳምንት አይደርቅም። ማጠቡ ሲያልቅ አረፋው ጨርሶ እስኪጠፋ አለቅልቀው። ቦርሳ ላይ የቀረ ሳሙና አቧራ ይስባል፤ ታጥቦ ወዲያው የሚቆሽሽ ቦርሳ ያልተለቀለቀ ቦርሳ ነው። ጭመቀው ግን አትጠምዝዘው። ደረቅ ፎጣ አስገብተህ በመዳፍህ ተጫነው። ከዚያ ዚፑን ሁሉ ከፍተህ፣ ቁልቁል ደፍተህ፣ ነፋስ ያለበት ጥላ ላይ ስቀለው።

እንዲህ አድርጎ የሚመክር ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል። እያንዳንዱን ነገር ከነምክንያቱ ነው የነገረችኝ።

መልስ 5። አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ዲስክ ጎልፍ የሀብታም ጨዋታ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። አይደለም። አንድ ዲስክ ይዞ መጀመር ይቻላል፤ ብዙው ሜዳም የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ነው። እንጦጦ ባሕር ዛፉ መሐል ቢሠራ እንዴት ያምር ነበር አለ። እኔም ይሄንኑ ስንቴ አስቤዋለሁ።

መልስ 6። አትላንታ ያለ ወንድም ሻጋታውን ብቻ ይዞ ጻፈ። ሳሙና ሻጋታውን ያነሳል፣ ጠረኑ ግን ይቀራል። አንድ እጅ ነጭ አቼቶ ከሁለት እጅ ውኃ ጋር ቀላቅለህ ርጨው፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቀህ አለቅልቀው አለ። ሻጋታውን ስታራግፍ ውጭ ውጣ፣ አፍና አፍንጫህንም ሸፍን ብሎም አስጠነቀቀ። በረኪና ግን አትንካ፤ ቀለሙንም ክሩንም ይበላል። አቼቶውን ለሁሉም እድፍ ተጠቀምበት፣ አይጎዳም ብሎ ጨረሰ። ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ልብ በሉ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

መልስ 7። ስሙን ያልገለጸ ሰው በረኪና ምን አደረገ አለ። እንዲያውም በረኪናውንና አቼቶውን አንድ ላይ ብትቀላቅላቸው ጉልበታቸው እጥፍ ይሆናል ብሎ መከረ።

መልስ 8። እዚህ ላይ ውይይቱ ጦፈ። ሆስፒታል ጽዳት ላይ አሥራ አንድ ዓመት የሠራች እህት ምንም ሳታለዝብ ነው የጻፈችው። በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ያወጣሉ። ይሄን ሰው በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቢያደርገው ሳንባውን ያቃጥለዋል። ሰው ሊሞት ይችላል፤ የማታውቀውን አትምከር ብላ ተቆጣች። መልስ 7 እንዲሰረዝም ጠየቀች። በነገራችን ላይ በረኪና አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋርም እንዲሁ መርዝ ያወጣል አለች። ቃሏ ጠንከር ያለ ነበር። እኔ ግን አመሰገንኳት። መታጠቢያ ቤቴ መስኮት የለውም።

መልስ 9። መልስ 7ን የጻፈው ሰው ይቅርታ ጠየቀ። አጎቱ ሲያደርጉ አይቶ እንደሆነና አላግባብ እንደተናገረ አመነ። ይሄም ጨዋነት ነው።

መልስ 10። ይሄኛው የእኔ ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ ጀመርኩ። ጭቃው በስምንት ቀን ውስጥ ከላይ ከላይ ደርቆ ስለነበር በብሩሽ ሲረግፍ ምጣድ ላይ እንደሚጠረግ አመድ ነው የሆነው። ሙዙን በማንኪያ አወጣሁ። ሦስት ሳፋ ውኃ ጠቆረ፤ አራተኛው ሻይ መሰለ፣ ስድስተኛው ላይ ጠራ። የላብ ጨው ያለበትን ማንገቻ በለብታ ውኃና በጨርቅ ብቻ ስጠርገው ለቀቀ። ከዚያ በመልስ 6 ምክር አቼቶውን ውስጡን፣ ሥሩን፣ ጎኑን፣ ሁሉንም ረጨሁት። ጠረኑ በግማሽ ቀነሰ። ወይን ጠጁ እድፍ ግን ንቅንቅ አላለም። ዚፑም አልተከፈተም።

መልስ 11። ለዚፑ መድኃኒት የመጣው ከዴንቨር ነው። የዚፑን ጥርሶች ባረጀ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውኃ አንድ በአንድ ፈልቅቅ፤ አሸዋው ከወጣ በኋላ አድርቀውና ጧፍ አሽበት አለ። ሰሙ ጥርሶቹን ያለሰልሳል፣ ውኃም ይከላከላል። እናቱ የቦርሳ ዚፕ እንዲህ ነበር የሚያላሉት።

መልስ 12። አንድ ወንድም ጧፍ የሚለው ቃል ከነከነው። ጧፍ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ መባ ነው፤ ለመጫወቻ ቦርሳ ዚፕ አይደለም ብሎ ገሠጸ።

መልስ 13። የዴንቨሩ በቁጣ መለሰ። ጧፍ ሰም ነው፤ መብራት ሲጠፋ ስንቱ ቤት ጧፍ አብርቶ አጥንቷል፣ እራት በልቷል አለ። እናቱንም ከአንተ በላይ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነበሩ ብሎ አነሣቸው። ነገሩ ወደማይሆን ቦታ እየሄደ ነበር።

መልስ 14። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አባት ገብተው አበረዱት። ሁለታችሁም በቀና ልብ ነው የተናገራችሁት አሉ። ለስለት የተገዛ ጧፍ ከሆነ ለስለቱ ይሁን። ንጹሕ የንብ ሰም ከዕደ ጥበብ ዕቃ መደብር በጥቂት ብር ይገኛል፤ እሱም ከሌለ ተራ ሻማ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ማንም አልመለሰም። እኔ ሻማ ተጠቀምኩ። ጥርሶቹ መሐል የገባውን ጭቃ ለማውጣት አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። አንዲት ጠጠር፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ፣ መቀርቀሪያው ሥር ተሰክታ ነበር። እሷ ስትወጣ ዚፑ በአንድ ጣት ተሳበ።

መልስ 15። አንድ ሰው ለዚፕ የዘይት ርጭት እንዳልጠቀም አስጠነቀቀ። ዘይት ለጊዜው ያላላል፤ ከዚያ አቧራ እየያዘ እንደ አሸዋ ወረቀት ዚፑን ይፈገፍጋል።

መልስ 16። የሰው ስሜት የነካው ይሄ ነው። አንዱ መጥቶ፣ አገር ቤት ሰው የሚጠጣው ውኃ አጥቶ እናንተ ስድስት ሳፋ ውኃ በመጫወቻ ቦርሳ ላይ ትደፋላችሁ አለን። አታፍሩም ወይ ብሎም ጨመረበት።

መልስ 17። የሲያትሉ ወንድም በእርጋታ መለሰለት። ሰውዬው አዲስ ቦርሳ ልግዛ አላለም፤ ያለውን ላትርፍ ነው ያለው። ቦርሳው ደግሞ ልጁ የሰጠው ነው። ይሄ የሚያሳፍር አይደለም አለ።

መልስ 18። የመልስ 16 ሰው ለስለስ ብሎ ተመለሰ። እናቱ ያሉበት ሰፈር ውኃ በሳምንት አንዴ ብቻ እንደሚመጣ ነገረን። እሱን ሳነብ የምመልሰው ጠፋኝ፤ አይዞህ ብቻ አልኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ የመጨረሻውን ሳፋ ውኃ፣ ንጹሑን፣ ደጅ ላለችው አበባ ነው የማጠጣው።

መልስ 19። እድፉን የፈታችልን ባልቲሞር ያለች የፋርማሲ ባለሙያ እህት ናት። ስለ ቦታውና ስለ ወቅቱ ጠየቀችኝ። ቁጥቋጦው ግንዱ ቀላ ያለ፣ ፍሬው እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሎ የጠቆረ ነበር ወይ? ነበር። ፖክዊድ ነው አለች። በአሜሪካ ምሥራቅ በየመንገዱ ዳር ይበቅላል፤ ፍሬው የሚበስለውም በዚሁ በመስከረም ሰሞን ነው። የገረመኝ የሚቀጥለው ነው። ፖክዊድ የእኛ እንዶድ የሥጋ ዘመድ ነው። ሁለቱም ፋይቶላካ ከሚባለው ወገን ናቸው። እናቶቻችን ነጠላ ያጠቡበት እንዶድ፣ ባሕር ማዶ ያለው ዘመዱ ቦርሳዬን አቆሸሸው ማለት ነው።

ማቅለሚያው ከቀይ ሥር ቀለም ጋር አንድ ዓይነት መሆኑንም አስረዳች። ስለዚህ እድፉ ትኩስ ሳለ በሳሙና ውኃ ቢጠርጉት ብዙው ይለቃል። አቼቶ ግን አትንካበት አለች። ሱፍ የሚያቀልሙ ሰዎች የዚህን ፍሬ ቀለም ሱፉ ላይ እንዲጸና የሚያደርጉት በአቼቶ ነው። ናይሎንም በዚህ በኩል ጠባዩ እንደ ሱፍ ነው፤ ቀለም ከአሲድ ጋር ሲመጣለት አጥብቆ ይይዛል።

መልስ 20። የእኔ። አቼቶውን ከረጨሁ ሁለት ቀን አልፎኛል ብዬ ጻፍኩ። እጄ ላይ ያለውን ስልክ ማየት ነው ያቃተኝ።

መልስ 21። የአትላንታው ወንድም ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ። ለሁሉም እድፍ ያለው ስለ ፍሬ ቀለም ሳያስብ እንደሆነ ገለጸ። እኔ ምንም ቅሬታ የለኝም። ሻጋታው የጠፋው በእሱ ምክር ነው። ቀድሜ እድፉ ምን እንደሆነ ማጣራት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

መልስ 22። ጎንደር ያደገ ወንድም እንዶድ ሲነሳ ልቡ ተነካ። አያቱ ፍሬውን ወቅጠው፣ ውኃው ላይ አረፋ አስነሥተው ጋቢ ሲያጥቡ ያስታውሳል። የጋቢው ሽታ እስከ ዛሬ አልጠፋውም። ከዚያ ሳይንቲስቱን ዶክተር አክሊሉ ለማን አነሣ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት። ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ለዚህ ሥራቸው በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። ይሄን ካለ በኋላ ግን አንድ ስሕተት ጨመረ። ዘመዳሞች ከሆኑ የፖክዊዱን ፍሬ ወቅጠህ ቦርሳውን እጠብበት አለኝ።

መልስ 23። የፋርማሲዋ እህት በፍጥነት አስቆመችው። የፖክዊድ ፍሬ ራሱ እድፉ ነው፤ በእድፍ እድፍ አይታጠብም። ከሥር እስከ ፍሬው መርዝ ስላለው ልጆች ባሉበት ቤት ውስጥ እንዳይገባም ለመነችን።

መልስ 24። ቨርጂኒያ፣ በርክ ሌክ የሚጫወት ሰው ሌላ ነገር አስታወሰ። ቁጥቋጦ ውስጥ የገባ ቦርሳ ፖይዝን አይቪ ነክቶ ሊሆን ይችላል አለ። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ሐረግ ነው። ከእኛ ሳማ ጋር እንዳታምታቱት። ሳማ እንደነካህ ይለበልብሃል፣ ከዚያ ይበርዳል። ፖይዝን አይቪ ግን ዝም ብሎ ይቆይና በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቆዳህን ያሳብጠዋል። ኡሩሺዮል የሚባለው ዘይቱ ዕቃ ላይ ለረጅም ጊዜ ሳይጠፋ ይቆያል። ስለዚህ ቦርሳውን በጓንት እጠብ፤ ዘይት የሚያነሣው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነው። ክንዴ ላይ የነበረው ሽፍታ ያኔ ገባኝ። የሙዙ ወይም የሻጋታው መስሎኝ ነበር።

መልስ 25። እሱኑ ተከትሎ መዥገር ተነሣ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ «ላይም» (Lyme) የሚባለውን በሽታ የምታመጣ መዥገር አለች። ልብስን ደረቅ እንደሆነ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት አሥር ደቂቃ ቢያዞሩት ትሞታለች። ቦርሳ ግን ማድረቂያ ውስጥ አይገባም፤ ሙጫው ይቀልጣል። ስለዚህ ስፌት ለስፌት በዓይን መፈተሽ ነው። ከደረቀ በኋላ ፐርሜትሪን የሚባለውን የተባይ ማጥፊያ፣ 0.5 በመቶ የሆነውን፣ ደጅ ላይ ረጭቶ ማድረቅም ይቻላል። ድመት ያላችሁ እርጥብ ሳለ አታስጠጓት፤ ይመርዛታል።

መልስ 26። ከስቶክሆልም የጻፈው ወንድም ያርቫ ሜዳ ላይ ክረምት ከበጋ ይጫወታል። የእሱ ቦርሳ ውስጡ እንደ ሙጫ ተጣባቂ ሆኖበታል። ታጥቦ አያውቅም፤ ታዲያ ምን ነካው ብሎ ጠየቀ።

መልስ 27። የሚኒያፖሊሷ እህት መለሰችለት። አለመታጠቡ አይደለም፤ እርጥብ እንደሆነ ሞቃት ቦታ መቀመጡ ነው። ፖሊዩሬቴን ከእርጥበትና ከሙቀት ጋር ረጅም ጊዜ ሲቆይ ይፈራርሳል፤ መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ከዚያ ይላጣል። አንዴ ከጀመረ አይመለስም። የሚቻለው የተላጠውን አጽድቶ አዲስ ሽፋን መቀባት ብቻ ነው። ይሄን ሳነብ ስምንት ቀን የተዘጋው መኪናዬ ትዝ አለኝና ሄጄ ኪሱን ሁሉ በጣቴ ዳሰስኩ። ደግነቱ አይጣበቅም።

መልስ 28። ጋሼ ፀሐይን ጠየቁ። እኛ አገር የሻገተ ነገር ሁሉ ፀሐይ ላይ ነው የሚሰጣው፤ ስለምን ጥላ ትላላችሁ? እህታችን በአክብሮት አስረዳቻቸው። ፀሐይ ሻጋታ ታዳክማለች፤ ግን ናይሎንንም ታደክማለች። አንድ ሁለት ሰዓት የጠዋት ፀሐይ አይጎዳም። ቀኑን ሙሉ፣ በየሳምንቱ ከሆነ ግን ክሩ ይሰባበራል፣ ቀለሙም ይነጣል። ጋሼ ተስማሙ። ግን ፀሐይ የማትነካው ዕቃ ደርቋል ብለው እንደማያምኑም ተናገሩ።

መልስ 29 እና 30። እዚህ ውይይቱ ከመንገዱ ወጣ። አንዱ የጨዋታውን ታሪክ አመጣ። ዘመናዊውን ዲስክ ጎልፍ ያቋቋመው ኤድ ሄድሪክ ነው፤ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ በ1975 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ኦክ ግሮቭ መናፈሻ ውስጥ ሠራ፣ በዓመቱም የተጫዋቾችን ማኅበር መሠረተ። በ2002 እ.ኤ.አ. ሲሞት በኑዛዜው መሠረት አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ ተሠራበት። ይሄ እውነት ነው። ሌላው ሰው ደነገጠ፤ ሰው እንዴት አፈር አይቀምስም አለ። እኔም ለባህላችን እንደሚከብድ ይገባኛል። ግን ሰውየው ዕድሜውን የሰጠለት ነገር ነው።

መልስ 31። የእኔ፣ የዛሬው። ቦርሳው ዓርብ ማታ ደረቀ፤ ሦስት ቀን ተኩል ፈጀ። ስፖንጁ ውስጥ እርጥበት መኖሩን ያወቅሁት ደረቅ የወረቀት ፎጣ ተጭኜበት ነው፤ ወረቀቱ ሲረጥብ እንደገና ሰቀልኩት። ጠረን የለውም። ጥቂት ቀርቶ የነበረው ጠረን፣ ቤኪንግ ሶዳ አንድ ሌሊት በጨርቅ ተቋጥሮ ውስጡ ሲያድር ለቀቀ። ዚፑ ይሳባል። ሻጋታው የነበረበት ቦታ ጠቆር ያለ ጥላ ትቷል፤ ለማያውቅ ሰው አይታይም።

ወይን ጠጁ እድፍ ግን አለ። በሳሙና ውኃ አምስት ጊዜ ሞከርኩት፤ ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም። የፋርማሲዋ እህት የዚህ ፍሬ ቀለም ብርሃን ሲያገኘው በጊዜ ብዛት እየነጣ እንደሚሄድ ነግራኛለች፤ ለጋሼ የተፈቀደችው የጠዋት ፀሐይ እዚህ ላይ ትጠቅመኛለች። ቅዳሜ ልጄ አየው። ጣቱን እድፉ ላይ አድርጎ ምንድን ነው አለኝ። የእንዶድ ዘመድ ነው አልኩት። እንዶድ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ከመጀመሪያው ቅርጫት እስከ ስድስተኛው ድረስ ስለ ጎንደሩ ወንድም አያት፣ ስለ ጋቢውና ስለ ዓድዋው ወንዝ እየነገርኩት ሄድን።

መልስ 32። የዳላሱ ወንድም ተመልሶ የራሱን ቦርሳ ኪስ ገልብጦ እንዳየው ጻፈ። ጥጉ ላይ መላጥ ጀምሯል። የሚኒያፖሊሷ እህት የትኛውን መቀቢያ እንደምትመክረው ጠይቋል፤ እስካሁን አልመለሰችም። እህቴ፣ ስታዪው እባክሽ እዚሁ ጻፊልን፤ የስቶክሆልሙም እየጠበቀ ነው።